ጃርቷና የከርከሮው እሳት

ጠጋ በሉና ተረት ልንገራችሁ። ድሮ እንስሳት ሁሉ ጥራጊያቸውን አንድ ገደል አፋፍ ላይ ይደፉ ነበር። እዚያ የምትውል አንዲት ትጉህ ጃርት ነበረች። ቆሻሻውን እየለየች፣ ብጭቅጫቂውን ጨርቅ ለወፎች ጎጆ፣ የተሸረፈውን ቅል ለኤሊ ውሃ መያዣ ትሰጣለች፤ የበሰበሰውን ደግሞ አፈር ታለብሰዋለች። እነሱም በምላሹ ለእሷና ለልጆቿ ቀለብ ያመጡላቸዋል።

የእንስሳቱ አለቃ ከርከሮ ግን ችኩል ነበር። አንድ ቀን መጥቶ፣ «እስከ መቼ ስትለቅሚ ትኖሪያለሽ? አቃጥለነው እንገላገል» አላት።

«ጌታዬ፣ ጭሱስ የት ይሄዳል? እኔስ በምን እኖራለሁ?»

«ጭሱን ሰማዩ ይችለዋል። አንቺም እሳቱን ትቆሰቁሺያለሽ፤ ቀለብሽን እኔ እሰጥሻለሁ።»

ጃርቷ ልጆቿን አስባ እሺ አለች። ከዚያ ወዲያ እሳቱ ጠፍቶ አያውቅም። ጭሱ ሸለቆውን ሞላው፤ ወፎቹም ጎጇቸውን ጥለው ተሰደዱ። ከዓመት ዓመት ሙቀቱ እየበረታ፣ ዝናቡ እየራቀ ሄደ፤ ምንጩም ደረቀ። ጃርቷን ሳል ያዛት፤ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር።

ኤሊ ልትጠይቃት መጥታ፣ «እህቴ፣ ይህ ጭስ ሊገድልሽ ነው። ለምን አትተዪውም?» አለቻት።

«ብተወውማ ልጆቼን ማን ያበላልኛል?»

በማግስቱ ጃርቷ አልነቃችም። ልጆቿ ከበዋት ሲያለቅሱ ከርከሮ መጣ። ወደ ትልቋ ልጅም ዞረ።

«እሳቱ እንዳይጠፋ» አላት፣ «ነይ ተከተይኝ።»

ልጅቷም እንባዋን ጠርጋ ተከተለችው።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ደስ የሚል ቢሆንልኝ በወደድኩ።