የሽመላዋ የወይራ እግር

ተረት ተረት ስላችሁ አቤት በሉኝ! አንዲት ሽመላ አንድ እግሯን ወጥመድ ቢቆርጣት፣ ወዳጇ ግንደ ቆርቁር ከወይራ ጠርቦ ሌላ ሠራላት። የሽመሎቹ አለቃ ሲያያት፣ "ይህ ለማገዶ እንጂ ለእግር ይሆናል?" ብሎ መንጋውን አሳቀባት።

አንድ ቀን ወንዙ ደፈረሰ። ቀድሞ ውሃ መግባት የአለቃው ወግ ነበር፤ እሱ ግን ዳር ቆሞ ፈራ ተባ አለ። ያቺ ሽመላ የወይራ እግሯን አስቀድማ ገባች። ያደፈጠ አዞ እሱኑ ግጥም አድርጎ ቢነክስ ጥርሱ ረገፈ።

"ድገመኝ እንጂ! እኔ እንደሁ ሌላ አስጠርባለሁ" አለችው።

አዞው ሸሸ፤ መንጋው እስኪረካ ጠጣ።

በማግስቱ አለቃው ግንደ ቆርቁር ዘንድ ሄዶ፣ "ለእኔም እንደሷ ያለ እግር ጥረብልኝ" አለው።

ግንደ ቆርቁርም መንቁሩን እየሳለ፣ "ምን ገዶኝ ጌታዬ! የትኛውን ልቁረጥልዎት?" አለ።