ክዳን የሌለው ዓይን

ተረቴ መጣች፣ ጆሯችሁን አንጥፉላት!

በድሮ ጊዜ፣ የሌሊት እንሽላሊት እንደኛ ዓይኗን በምትጨፍንበት ዘመን፣ አንዲቱ ከገደል አፋፍ፣ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ትኖር ነበር። ሁለት እንቁላል ነበራት። ባልም ነበራት። ዝናብ ጠፋ፣ ትንኝ ጠፋ፤ ባሏ ከገደሉ ማዶ ወዳለው ሾላ ዛፍ ምግብ ፍለጋ ተነሣ።

«ስመለስ ጠቅ ጠቅ ጠቅ እላለሁ፤ አንቺም መልሺልኝ» አላት። ሄደ። በዚያው ቀረ።

እሷማ በየምሽቱ ስንጥቋ አፍ ላይ ተለጥፋ ማዶ ማዶውን ታያለች። ጠቅ የሚል የለም።

ሸለምጥማጥ ይህን አየ። መቼም ታውቁታላችሁ፤ እኛ ጓሮ ዶሮ የፈጀው የሱ ዘር ነው። ከገደሉ ሥር ሆኖ፣ «እትዬ እንሽላሊት፣ ምነው ዓይንሽን እንዲህ ማድከም? ጨፈን አርጊ፣ ባልሽ በሕልምሽ ይመጣልሻል» አላት።

ጨፈነች። እውነትም ባሏ መጣ፤ አጠገቧ ተለጠፈ። ስትነቃ ሸለምጥማጥ ገደሉን አጋምሷል! «ውረድ!» ብላ ጮኸችበት። እየሳቀ ወረደ።

በማግስቱም፣ «እትዬ፣ ጨፈን አርጊ፤ ይመጣልሻል» አላት።

ተንኮሉን አውቃለች። አውቃም ግን ባሏ ናፈቃት። ትንሽ ብቻ ብላ ጨፈነች። ባሏ መጣ። ስትነቃ ከሁለቱ እንቁላል አንዱ የለም።

አለቀሰች፣ ልጆቼ። አለቀሰችና ዓይኗን ከሻካራው ድንጋይ ጋር ፈተገችው፣ ፈተገችው፣ ክዳኑ ተልጦ እስኪወድቅ።

በሦስተኛው ምሽት ሸለምጥማጥ ደግሞ መጣ። «እትዬ፣ ጨፈን አርጊ!»

«ጨፍኛለሁ፣ አያ ሸለምጥማጥ» አለች ጀርባዋን ሰጥታው። «መጥቶልኛል፤ ዝም በል፣ እንዳታባርርብኝ።»

ጭራዋን ግን ከገደሉ ጠርዝ ውጭ አንጠልጥላ ታወዛውዛለች። ሸለምጥማጥ ቀስ ብሎ ወጣ። ጭራውን ሲያይ ጎመጀ፤ ዛሬስ እናቲቱንም ልጨምር አለ። ዘሎ ጭራዋን ነከሰ። ጭራው ብጥስ! ሸለምጥማጥ ከነጭራው ገደል ገባ።

ጭራው መልሶ በቀለላት። እንቁላል ግን አይበቅል።

አንድ ምሽት እንደልማዷ ማዶውን ስታይ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ! ልቧ ዘለለ። ማዶ አየች፤ ማንም የለም። ለካ ድምፁ ከኋላዋ ነው! የቀረው እንቁላል ተሰንጥቆ፣ ጣት የማታህል ልጅ በአባቷ ድምፅ ትጣራለች።

ጠቅ ጠቅ ጠቅ ብላ መለሰችላት።

ባሏስ? ትሉኛላችሁ። እኔ እንጃ። እስከ ዛሬ ዓይኗን በምላሷ የምትልሰው አቧራ ማዶውን እንዳይጋርድባት ነው ይላሉ። ስትልስ ግን ልጇን በጭራዋ አቅፋ ነው።

የሄደውን ሊያይ የጨፈነ፣ ያለውን ያጣል።

ተረቴ ሄደች፤ በሉ አሁን ጆሯችሁን እጠፉ።