የፊታውራሪ ሻሽና የየሻረግ ጓሮ

ይህን ወሬ ያቆዩልን የየሻረግ ጉልበት ሥር ተቀምጠው ሹሩባ የተሠሩ ሴቶች ናቸው። ሹሩባ የሚሠራላት ሴት ራሷን ማንቀሳቀስ አትችልም፤ ጆሮዋና አፏ ግን ነጻ ናቸው። እነሱ ለልጆቻቸው፣ ልጆቻቸውም ለእኛ እናቶች አወረሱት። መንገድ ላይ የተጨመረበት ካለ ኃላፊነቱ የጨማሪው ነው።

የሻረግ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ከማርያም ውሃ ገበያ በላይ፣ በፊታውራሪ መሸሻ መሬት ላይ በተቀለሰች ጎጆ ትኖራለች። ከጎጆዋ ጀርባ በእሾህ የታጠረች ጓሮ አለቻት፤ እሬት፣ ጉሎ፣ አብሽና ጥቁር አዝሙድ የሚበቅልባት። ጠጉሩ የሳሳበት ሁሉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ መድኃኒት ፍለጋ ወደዚያ ይወጣል። የሻረግ የምትበላው ከዚያች ጓሮ ነው፤ ሌላ ነገር የላትም። መሬቱ የፊታውራሪ ስለሆነ ግን «ይቺ ሴት በምላሷ አንድ ቀን ጓሮዋን ታጣለች» እያሉ የሚሰጉላት ብዙ ነበሩ።

፩

የፊታውራሪ ሚስት ወይዘሮ እንጉዳይ አንድ ቀን መድኃኒቱ ሲሠራ ለማየት መጡ። የሻረግ የጉሎውን ፍሬ ቆላች፣ ወቀጠች፣ በውሃ ጥዳ እሳቱን ቀነስ አደረገችና ቁጭ አለች። ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ በጭልፋ እየገፈፈች ወሰደችው፤ ከዚያ አብሽ ባደረበት ውሃና በለጋ ቅቤ ለወሰችው። ወይዘሮ እንጉዳይ የተታለሉ መሰላቸው።

«ይኸው ነው? ይህማ ሁሉ እኔም ጓዳ አለ!»

«አለ እመቤቴ። የሌለው ዘይቱ እስኪወጣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ነው።»

፪

እኚሁ ወይዘሮ ሹሩባቸው ካልጠበቀ አይወዱም ነበር። «አጥብቂው! አሁንም አጥብቂው!» እያሉ ቅንድባቸው ወደ ላይ እስኪሰቀል ያስጎትታሉ፤ ከተሠሩም በኋላ ቶሎ አይፈቱትም። ውሎ አድሮ የግንባራቸው ጠጉር ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ። «ምን ብትቀቢኝ ነው እንዲህ የሚሸሸው?» ብለው ተቆጧት።

«እመቤቴ፣ የጭነት በቅሎ እንኳ ማታ ማታ ይፈታላታል።»

፫

የወይዘሮ እንጉዳይ እህት ከሩቅ አገር መጡ። ጠጉራቸው እስከ ወገባቸው ይወርዳል፤ ግማሹ የፈረስ ጭራ መሆኑን ግን ከፈረሱ በቀር ያወቀ አልነበረም። የየሻረግን ሽበት አይተው «የጠጉር መድኃኒተኛ ነኝ እያልሽ፣ የራስሽ እንዲህ የነጣው ምነው?» አሏት፤ ሴቶቹም ሳቁ።

«ነጭስ ነው እመቤቴ፤ ግን ከማንም አልተዋስሁትም።»

፬

ነጋድራስ ጠናው ቅቤ ሲሸጡ ጣታቸውን የሚልሱ ሰው ነበሩ። ጠጉራቸው ሲሳሳ የሻረግ «ለጋ ቅቤ ይዘው ይምጡ» አለቻቸው። እሳቸው ግን ከጓዳ ጥግ ሲከርም የኖረ ቅቤ በኮባ ቅጠል ቋጥረው መጡ። ገና ሲፈታ በር ላይ የተኛው ውሻ ተነስቶ ሄደ። የሻረግ አፍንጫዋን ብትይዝ «ምን ችግር አለው? ከምደፋው ብዬ ነው። ራስ እንደሆነ አያሸት!» አሉ።

«ራስዎስ አያሸትም ነጋድራስ፤ ግን አፍንጫዎ ጎረቤቱ ነው።»

፭

በሁዳዴ ጾም መሪጌታ አጥናፉ በጓሮዋ አጠገብ ሲያልፉ ቆሙ። እነ እገሊት በጾም ራሳቸውን ቅቤ ተቀቡ፣ የእገሌም ሚስት ተቀባች፣ የእገሌም ልጅ እናቷን ተከትላ ጠፋች እያሉ የደብሩን ሴቶች አንድ በአንድ አነሱ። ሲጨርሱ «ይህን ሁሉ ጾም የምታስፈቺው አንቺ ነሽ!» አሏት።

«አባቴ፣ ቅቤው ከራሳቸው ወደ አፋቸው አልወረደም። እነሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ እርስዎ አፍ ውስጥ ናቸው።»

፮

አሁን ወደ ፊታውራሪ መሸሻ እንምጣ። በጎበዝነታቸው ዘመን ጎፈሬያቸው እንደ አንበሳ ጋማ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ግን ነጭ ሻሽ ጠምጥመው በንዳዱም በማዕዱም አይፈቱትም። ለምን ብሎ የጠየቀ እንደሆነ «ጎፈሬዬን ለደመራ ነው የማቆየው፤ ያን ቀን ታዩታላችሁ» ይላሉ። የትኛው ደመራ እንደሆነ ግን ተናግረው አያውቁም።

አንድ የገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ ቁልቁል ወርዶ ሳለ፣ በየሻረግ ጓሮ በር ብቻቸውን ብቅ አሉ።

«መድኃኒት ፈልጌ ነበር። ለአንድ አሽከሬ ነው።»

«ምን ያህል ሳስቶበታል ጌታዬ?»

የፊታውራሪ እጅ ሳያስቡት ወደ ሻሹ ወጣ። «ከዚህ... እስከዚህ ድረስ።»

«እንግዲያማ እርስዎና አሽከርዎ ያላችሁ ራስ አንድ ነው።»

ፊታውራሪ ግራ ቀኙን አይተው ሻሹን ፈቱ። ዳር ዳሩ ላይ ሳሳ ያለ ጠጉር አለ፤ መሐሉ እንደ ታጠበ ቅል ያበራል። የሻረግ ሳቋ መጣባትና ዋጠችው፤ ፊታቸውን ስታይ ደግሞ አሳዘኗት።

«አልዋሽዎትም ጌታዬ። ዳር ዳሩን አበረታለሁ። መሐሉን ግን አልችለውም፤ መድኃኒቴ ያለውን ይይዛል እንጂ የሄደውን አይጠራም።»

ፊታውራሪ ይህን ሊሰሙ አልመጡም። «እስከ መስቀል ታበቅያለሽ! ከበቀለ ይቺ ጓሮ ለአንቺም ለልጅ ልጅሽም ርስት ትሁን። ካልበቀለ መሬቴን ለቀሽ ትሄጃለሽ!» ብለው ሻሻቸውን ጠምጥመው፣ ለዳር ዳሩ የሰጠቻቸውን ቅባት ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወጡ።

የሻረግ እሬቶቿን እያየች ቆማ ቀረች። በዚያ ቀን ምንም ቀልድ አልመጣላትም ይባላል።

፯

ፊታውራሪ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንዲቀቡ የተሰጣቸውን በአንድ ጊዜ ራሳቸው ላይ ገለበጡት። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ፀሐይ ሲያገኛቸው ቅባቱ በሻሹ ሥር እየቀለጠ፣ በጉንጫቸው እየወረደ ጢማቸው ውስጥ ገባ። ቅባቱ ባለቀ ቁጥር ሌላ እየወሰዱ እንዲሁ ሲያደርጉ ሰነበቱ። አንድ ጠዋት ጢማቸውን ጨብጠው መጡና «ተመልከች! ራሴ እንደ ነበረ ነው፤ ጢሜ ግን ደረቴ ደረሰ!» አሏት።

«መድኃኒቱ ምን ያድርግ ጌታዬ? ላይኛው ሰፈር ማደሪያ ቢነፍገው ወደ ታችኛው ወረደ።»

፰

መስቀል አለፈ። የደመራው አመድ ሳይበተን የፊታውራሪ ሎሌዎች የጓሮውን አጥር ሊነቅሉ መጡ። የሻረግ በሩ ላይ ቆማ «በሕግ አምላክ!» አለች። ይህ ቃል ከተጠራ እጁን የሚያነሳ የለም፤ ሎሌዎቹም የያዙትን እሾህ ጣሉ። ነገሩ ወደ ዋርካው ሥር፣ ወደ ዳኛው ወደ አዛዥ ደምሴ ሄደ። አገሬውም ሥራውን ትቶ ተሰበሰበ።

«ከጌታሽ ጋር ስትሟገቺ አታፍሪም?» አሉ ዳኛው ገና ከመጀመሪያው።

«መሬታቸው ላይ ነው የተቀመጥሁት ጌታዬ፤ ራሳቸው ላይ አይደለም።»

ራስ ሲባል ፊታውራሪ ደንገጥ አሉና ቶሎ ብለው ክሳቸውን አሰሙ። «ይቺ ሴት የአንድ አሽከሬን ጠጉር እስከ መስቀል ልታበቅል ተዋውለን ነበር። ከበቀለ ጓሮው ርስቷ ሊሆን፣ ካልበቀለ መሬቴን ልትለቅ። አልበቀለም፤ ትልቀቅ!»

የሻረግ እሺ ማለቷን አታስታውስም። ግን «ከበቀለ ጓሮው ርስቷ» የሚለው ቃል ከፊታውራሪ አፍ፣ በዳኛ ፊት ሲወጣ ሰማችና ሳትቃወም ዝም አለች።

«ምን ትመልሻለሽ?» አሉ ዳኛው።

«አሽከሩ ይቅረብና ራሱን ይግለጥ ጌታዬ። እኔ አውቀዋለሁ፤ ከጌታው አይለይም። አሁንም እዚሁ ቆሟል።»

«እውነቷን ነው፤ የጠጉር ነገር በዓይን ነው የሚታይ» አሉ አዛዥ ደምሴ። «አሽከሩ ማነው? ይቅረብ!»

ሎሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ የገዛ ጎፈሬውን ዳበሰ። ከኋላ አንዲት ሴት ሳል አስመስላ ሳቋን ሸፈነች። ፊታውራሪ ሁለት እጃቸውን ሻሻቸው ላይ ጭነው ቀሩ፤ በዚያ ጥላ ሥር ላብ ላብ አላቸው። የሻረግ አየቻቸው። አንዲት ቃል ብትጨምር ሻሹ ይወርድ ነበር። ቃሏ ምላሷ ላይ ነበረች፤ መልሳ ዋጠቻት።

«በቅሏል!» አሉ ፊታውራሪ።

«ምን አሉ?»

«በቅሏል አልኩ! ዘንግቼው ነው እንጂ... የአሽከሬ ጠጉር እንደ ጫካ ነው የበቀለው!»

«እንግዲያው በራስዎ አፍ ተፈርዷል» አሉ ዳኛው። «ጓሮው ለየሻረግና ለልጅ ልጇ ርስት ነው።»

ሰው እየሳቀ ሲበተን ፊታውራሪ ጠጋ አሏትና ጥርሳቸውን ነክሰው «አንዲት ዘለላ እንኳ እንዳልበቀለች አንቺ ታውቂያለሽ!» አሏት።

«እርስዎ ሻሽዎን ይጠብቁ ጌታዬ፤ እኔ አጥሬን እጠብቃለሁ።»