«መጣ» የተባለው እህል

በገደል አፋፍ ላይ ያለ መንደር የሚያስተዳድር አንድ ሰው ነበረ። አጥናፉ፣ ኮምፒውተር በየጊዜው በእጥፍ ሲፈጥን መኪናውና መድኃኒቱ ለምን እንደዚያ አልፈጠኑም ብለህ ጠይቀኸኛልና፣ የዚህን ሰው ነገር ስማ።

ድሮ እህል ሲቸግር መልእክተኛ በእግሩ ቆላ ወርዶ፣ እህሉን በአህያ አስጭኖ አብሮ ይመለስ ነበር። ቃሉም እህሉም በአንድ እግር ይመጡ ነበር ማለት ነው። ሰውዬው ግን ብልህ ነበርና በየጉብታው ላይ ጉሮሯቸው የጠነከረ ሰዎች አቆመ። አንዱ ሲጣራ ማዶ ያለው ይቀበልና ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። በየዓመቱ አሻሻለው፤ ረጅሙን መልእክት እያሳጠረ፣ እያሳጠረ አንድ ቃል አደረገው። በመጨረሻ የተጣደ ውሃ ሳይፈላ መልስ የሚደርስ ሆነ። ሰውዬው ኮራ። መኩራቱንስ አልነቅፍበትም።

አንድ ክረምት ረሃብ ገባ። በጎተራው የቀረው እህል እየተቆነጠረ የሚበላ ነበር። ሰውዬው ወደ ቆላ አስጣራ። ወዲያው መልስ ደረሰው፦ «መጣ!»

እኛ መቼም ጫማችንን ሳናጠልቅ «መጣሁ» እንላለን። ቆለኞቹም ገና አህዮቹን እየጫኑ ነበር። ሰውዬው ግን ቃሉ በፈጠነበት ልክ እህሉም የሚፈጥን መሰለውና ጎተራውን ከፈተ።

«ኧረ ተው፣ የአህያ ኮቴ እንኳ አልሰማንም» አለችው ሚስቱ፣ ትንሿን ልጃቸውን እንዳቀፈች።

«መጣ ተብሏል እኮ! ምን ሆነሻል?»

መንደሩ ጠግቦ አደረ። ሲነጋ ሁሉም አፋፉ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ያይ ጀመር። አህያ የለም። መንገድ ላይ ያለው ወንዝ ሞልቶ አህዮቹ ከወዲያ ማዶ ቆመዋል። ሰውዬው አስጣራ፤ «መጣ!» አሉት። ደግሞ አስጣራ፤ «መጣ!» ጥሪው እንደሆነ ከመቼውም ይበልጥ ፈጥኗል። ቀናት አለፉ፤ ልጅቱ ግን ከረሃብ የተነሳ ማልቀስ እንኳ አቃታት። አህዮቹ ሲደርሱ ሰውዬውን መቃብሯ ላይ አፈር ሲመልስ አገኙት። ይህን ባነሳሁ ቁጥር እናደዳለሁ፤ ያቺን ልጅ የገደላት ረሃብ ብቻ አይደለም።

አጥናፉ፣ ኮምፒውተር እንደዚያ ጥሪ ነው። የሚሸከመው ምልክት ነው። ምልክትን ብታሳንሰው ያው ምልክት ነውና እያሳነሱ ያፈጥኑታል። እህልን ብታሳንሰው ግን ረሃብ ነው። መኪና የሚሸከመው ሰው ነው፤ ሰው አያንስም። መድኃኒትም በሰው ገላ ተፈትኖ ነው የሚያልፈው፤ ገላ ደግሞ የሚታመመውም የሚድነውም በራሱ ጊዜ ነው።

ለምን እንደጠየቅኸኝም አውቃለሁ። ኮምፒውተር ለስኳር በሽታ መድኃኒት አገኘ ሲሉ ሰምተህ የእናትህን መርፌ ልታስቆም ነው። «ተገኘ» ያሉህ እውነታቸውን ይሆናል። አህያው ግን ገና ወንዝ ማዶ ነው። ተነስ፣ የመርፌዋ ሰዓት ሳያልፍ ሂድ።