እማማ ዘምዘም ያልተነሱት ፎቶ

እኛ ደሴ፣ ሰው ሚስት ሲመርጥ፣ ዕቃ ሲገዛ፣ አልፎ አልፎም ሹም ሲሾም የሚተርታት አንዲት አባባል አለች። ካሜራ ጨብጦ የማያውቀው ሁሉ ይተርታታል፤ ተርቶም ይስቃል። እኔ አልስቅም። እንዴት ልሳቅ? አባባሏ ከሰው አፍ የወጣች ዕለት እዚያው ነበርኩ። መነሻዋን ሳያውቁ የሚጫወቱባትን ሰዎች ስሰማ ስንት ዓመት ተናደድኩ፤ ዛሬ ከነሥሯ ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

ከድጃ እባላለሁ። ፒያሳ፣ ፈንታው ፎቶ ቤት ውስጥ ፎቶ አሳማሪ ነኝ። ብጉር አጠፋለሁ፣ የተጨፈነ ዓይን እከፍታለሁ፣ ከስሩ ኩርፊያ የሆነውን ሰው ግን ምንም ላደርገው አልችልም። ፈንታው አለቃዬ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ክፋትም የለበትም። አንድ በሽታ ብቻ ነበረበት፤ የሰው ፊት ሲያይ ሌላው ሁሉ አይታየውም።

አሮጌውን ከባድ ካሜራውን ሸጦ ሚረርለስ የሚሏትን ቀላሏን የገዛ ጊዜ፣ የቀረው ሌንስ መምረጥ ነበር። አቅሙ ለአንድ ብቻ ነው። ባለ ሠላሳ አምስት ሚሊ ሜትሩ ወይስ ባለ ሰማንያ አምስቱ? ሁለቱም ዙም የላቸውም፤ ማቅረቡም ማራቁም በራስህ እግር ነው። ሰማንያ አምስቱ ከሩቅ ቆሞ አንድ ፊት ለቅሞ ያወጣል፣ ከኋላ ያለውን ሁሉ ጉም ያደርገዋል። ሠላሳ አምስቱ ሰፋ ይላል፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ቆመህ ሰውየውን ከነወንበሩ፣ ከነጎረቤቱ ይይዝልሃል። ፈንታው ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ «ጋሽ ሙሄን እናማክራቸው» አለኝና ሄድን።

ጋሽ ሙሄ የከተማችን አንጋፋ ፎቶ አንሺ ናቸው። ዳገቱ ላይ ካለችው ሱቃቸው የደሴን ሰው ሁሉ ከልደት እስከ ሠርግ አንስተዋል። ሽማግሌም ናቸው፤ የተጣላ ያስታርቃሉ። ነገሩን ሰሙና ስለ ሌንሱ ትተው ሌላ ጠየቁት።

«ለመሆኑ የሰው ቤት ስንት እርምጃ ነው?»

«የማን ቤት ጋሽ ሙሄ?»

«የማንም። አንሳን ብለው ሲጠሩህ የምትገባበት ቤት።»

«እኔ እንጃ። አራት? አምስት?»

«አራት ነው። አንዱን አልጋ ይበላዋል። በቀረችው ሦስት እርምጃ በዚያ ሰማንያ አምስት ማንን ልታነሳ ነው?»

እኔ አዋቂ ለመምሰል ጣልቃ ገባሁ። «ታዲያ በጣም ሰፊውን ቢገዛስ? ሃያውን?»

«እሱ ደግሞ ዳር የቆመውን ሰው እንደ ሊጥ ይጎትተዋል። ሰው ዳር ስለቆመ መጣመም አለበት እንዴ?» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ሠላሳ አምስቱ ልከኛ ነው። ማንንም አያጣምም፣ ማንንም አያስቀርም።»

ፈንታው አንገቱን ነቀነቀ። «የዛሬ ሰው'ኮ የሚፈልገው ፊቱን ነው። ኋላው ጥፍት ሲልለት ነው ደስ የሚለው።»

«አንተ ልጅ፣ ቤተሰብ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ያው... ቤተሰብ።»

«ቤት እና ሰብ ነው። ቤቱን ጥፍት ካደረግኸው ሰቡ የት ይቀመጥልህ?»

ፈንታው ሳቀ፤ በአክብሮት ነው የሳቀው፣ ግን ሳቀ። ሰማንያ አምስቱን ገዛ። እኔም አልተቃወምኩም፤ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። የመጀመሪያዋን ሙሽራ ያነሳት ጊዜ ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበርና «ይሄማ ሌላ ነው!» ብዬ ያጨበጨብኩት እኔው ነኝ።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን ወደ ማታ ጋሽ ይማም ወደ ፎቶ ቤቱ መጣ። ሃምሳን የተሻገረ፣ ንግግር የማያበዛ ነጋዴ ነው።

«ፈንታው፣ እናቴ ደክማለች» አለው። «ፎቶ ትፈልጋለች። ነገ በጠዋት ድረስልኝ።»

እንግዲህ ስሕተቱ እዚህ ጋ ነው። እኛ አገር ለደከመ ሰው ፎቶ ሲባል ሰው ሁሉ የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ በጥቁር ፍሬም የሚገባ፣ ለቅሶ ቤት የሚቀመጥ አንድ ፊት። ይሄ ደግሞ አይጠየቅም። በሕይወት ላለ ሰው «ለለቅሶ ነው ወይ?» ይባላል? ነውር ነው። ስለዚህ ፈንታው ማን ማን እንደሚነሳ ሳይጠይቅ «እሺ፣ አላህ ይማርልዎት» ብሎ ሸኘው። ለአንድ ፊት ሰማንያ አምስቱን የሚያህል የለም ብሎ ልቡን ሞልቶ አደረ።

በማግስቱ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሁሉ ሸፍኖታል፣ ያካፋል። እኔ መብራቱን ይዤ ተከተልኩት። ስንገባ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። እማማ ዘምዘም አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈዋል። ሐኪም ቤቱ «ቤታቸው ይረፉ» ብሎ ከሸኛቸው አምስት ቀናቸው ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በቀኛቸው ጋሽ ይማም ተቀምጧል። በግራቸው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ አራጋው!

ለማያውቅ ልንገር። ይማምና አራጋው የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በአባታቸው ግቢ አጥር ተጣልተው አሥራ ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም። ይማም እናቱን ቅዳሜ ይጠይቃል፣ አራጋው ሰኞ። በር ላይ ከተገናኙ አንዱ ይመለሳል። ያን ዕለት ጠዋት ጋሽ ሙሄና ሁለት ሽማግሌዎች እናትየው አልጋ ሥር አስታርቀዋቸዋል። ጋሽ አራጋው የታላቁን ትከሻ ስሞ የተቀመጠው እኛ ከመግባታችን ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ዓይኑ ገና ቀይ ነበር።

«መጣህ ልጄ?» አሉ እማማ ዘምዘም። ድምፃቸው አልወጣም፣ ፊታቸው ግን በርቷል። «በል እንግዲህ ሦስታችንንም ባንዴ። ይሄን አይቼ ነው መሄድ የምፈልገው።»

ፈንታው እኔን አየኝ። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ።

ወንድማማቾቹ እጃቸውን በእናታቸው ትከሻ ላይ አደረጉ። ፈንታው ካሜራውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አንድ ጊዜ ቀጭ አደረገ። የገባው የእማማ ዘምዘም ፊትና ትከሻ ብቻ ነው። ወደ ቀኝ ቢያዞረው ይማም ገብቶ አራጋው ይወጣል፤ ወደ ግራ ቢያዞረው አራጋው ገብቶ ይማም ይወጣል። ወደኋላ ሄደ፤ ጀርባው ቡፌውን ሲገፋው ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። በሩን ከፍቶ ዝናቡ ውስጥ ቆመ። በሩ ጥግ ላይ ስለሆነ ከዚያ የሚታየው የአራጋው ጉልበትና የአልጋው እግር ነው። ተመልሶ ገባ። ጋሽ ሙሄ ሌንሱን አዩት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«እማማ፣ አልጋውን ወደ ደጅ ብናወጣውስ?» አለ።

«በዚህ ዝናብ?» አሉ ሽማግሌዎቹ ባንድ አፍ።

«እሺ፣ አንድ በአንድ ላንሳችሁና በኮምፒውተር አገጣጥማችኋለሁ። ከድጃ ትችልበታለች። ወላሂ አይታወቅም።»

እማማ ዘምዘም ለመመለስ ትንፋሻቸውን እስኪያጠራቅሙ ጠበቅን። «ለየብቻማ አሉኝ'ኮ ልጄ» አሉ። «አንዱን ቅዳሜ፣ አንዱን ሰኞ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ለየብቻ አየኋቸው። ለየብቻውን ምን ላድርገው?»

ጋሽ ይማም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጋሽ አራጋው ኪሱ ገብቶ ስልኩን አወጣ። «በዚህ ብንነሳስ? ሦስታችንንም ይይዛል» ብሎ ለኔ ሊሰጠኝ እጁን ዘረጋ። እኔ ልቀበለው ነበር። ቶሎ ብቀበለው ኖሮ ይሄ ሁሉ ተረት አይኖርም ነበር። ፈንታው ግን ቀደመኝ።

«ኧረ ነውር ነው ጋሼ! እኔ ባለሙያው ቆሜ በስልክ? የእናት ፎቶ'ኮ ነው! ትንሽ ይታገሱኝ፣ ደርሼ ልምጣ።»

«ተው አራጋው፣ ባለሙያው ይሥራው» አሉ እማማ ዘምዘም። ስልኩ ወደ ኪስ ተመለሰ።

ጋሽ ሙሄ የሱቃቸውን ቁልፍ አውጥተው ለፈንታው ሰጡት። «ሠላሳ አምስቱ መስኮቱ ሥር፣ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። አብሽር፣ ሩጥ።»

ፈንታው ሮጠ። ዳገቱ ዝናብ በሌለበት ቀን እንኳ ሩብ ሰዓት ይፈጃል።

እኛ ጠበቅን። እማማ ዘምዘም የልጆቻቸውን እጅ ከትከሻቸው አውርደው ግራና ቀኝ በሁለት እጃቸው ያዙ። «እንዳትነቃነቁ» አሏቸው። «ከተነቃነቃችሁ ፎቶው ይበላሻል። ሙሄ ድሮ ትንፋሽ ያዙ ይለን አልነበረም?»

«እል ነበር ዘምዘም፣ እል ነበር» አሉ ጋሽ ሙሄ።

ሁለቱ የሃምሳ ዓመት ሰዎች ፎቶ ቤት እንደተወሰዱ ሕፃናት ቀጥ ብለው ተቀመጡ። እናትየው በየመሃሉ «መጣ?» ይላሉ፤ ጋሽ ሙሄ «እየመጣ ነው» ይላሉ። ሦስት ጊዜ ጠየቁ። አራተኛውን ስጠብቅ አልጠየቁም። ዓይናቸው በሩ ላይ ነበር፣ ፈንታው የሚገባበት በር ላይ።

መጀመሪያ ያወቁት ጋሽ ሙሄ ናቸው። «ኢና ሊላሂ» አሉ ቀስ ብለው።

እኔ ጮህኩ። ጋሽ አራጋው ሊነሳ ሲል ወንድሙ በእናታቸው ላይ ተሻግሮ ክንዱን ያዘው። «አትነሳ አራጋው። አትነቃነቁ ብላለች'ኮ።» አራጋው ተመልሶ ተቀመጠ። ሁለቱም እንባቸው እየወረደ፣ እጃቸው በእናታቸው እጅ እንደተያዘ ቀጥ አሉ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፣ አላህም ደግሞ አያሳየኝ። ጋሽ ሙሄ የእማማ ዘምዘምን ዓይን ከደኑ፤ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑላቸው።

ፈንታው የገባው ያኔ ነው። ውሃ ሆኗል፣ ትንፋሹ ተቆርጧል፤ ሌንሱን መንገድ ላይ ገጥሞት ኖሮ ማንንም ሳያይ ካሜራውን ወደ ዓይኑ ወሰደው። እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ በስክሪኑ አየሁት። ሁሉም ገብቷል። ይማም ገብቷል፣ አራጋው ገብቷል፣ የተያያዘው እጅ፣ አልጋው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአባታቸው ፎቶ፣ ጋሽ ሙሄም ሳይቀሩ ገብተዋል። አንድም ሰው አልተጣመመም። የእማማ ዘምዘም ፊት ብቻ የለም።

ፈንታው ካሜራውን ቀስ ብሎ አወረደው። አላነሳም። እዚያው በሩ ላይ ተንበርክኮ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሠላሳ አምስቱን ሊመልስ ሲሄድ ጋሽ ሙሄ አልተቀበሉትም፤ «ካሜራህ ላይ ይዋል» አሉት። እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ሰማንያ አምስቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ሲጠራርገው አያለሁ፣ ሲገጥመው ግን አይቼ አላውቅም።

እማማ ዘምዘም በሞቱ በሦስተኛው ቀን፣ ያቺን ፈንታው አንድ ጊዜ ቀጭ ያደረጋትን ፎቶ አትሜ፣ ፍሬም ውስጥ አድርገን ለቅሶ ቤት ወሰድናት። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ፎቶ አላተምኩም። የእማማ ዘምዘም ሽብሽቦች፣ የደስ ደስ ያለው ዓይናቸው፣ ሁሉም ሕያው ነው። ኋላው ጥፍት ብሏል። ወንድማማቾቹ ድንኳኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፎቶውን በጋራ ያዙት። ለቀስተኛው ሁሉ ያያቸዋል።

ጋሽ ይማም በጣቱ የእናቱን ትከሻ ነካ። «ግራና ቀኝ ያሉት እነዚህ ጉም የመሰሉ ነገሮች ምንድን ናቸው?»

ፈንታው በስንት መከራ «እጃችሁ ነው ጋሼ» አለ። «የእርስዎና የጋሽ አራጋው።»

ጋሽ አራጋው ፎቶውን ወደ ብርሃን አዘነበለው። የራሱን እጅ ከወንድሙ እጅ ለመለየት ብዙ ቆየ፣ አልለየውም። ከዚያ ፎቶውን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ፤ ፈንታውም ድንኳኑ መሐል እንደቆመ ቀረ።

አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ ሙሄ ፈንታውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ሐዘን ብቻ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «አይ ልጄን፤ ፊት ሲመርጥ ቤት አመለጠው» አሉ።