የወይዘሮ ይመኙሻል በረሮዎች

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። መጥረጊያ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ ዶሮም ባለቤቷን በምትመክርበት በዚያ ዘመን ወይዘሮ ይመኙሻል የምትባል ሴት ነበረች። ቤቷ ንጹሕ፣ እጇ ባለሙያ፣ አንደበቷ ለስላሳ ነበር። ልጅ ግን አልነበራትም። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ የእገሌ እናት፣ የእገሊት እናት ሲባሉ እሷን በስሟ ብቻ ይጠሯታል። ይህም አንጀቷን ይበላት ነበር።

ታናሽ እህቷ አንጓች አምስት ሴት ልጆች ነበሯት። አንድ ቀን አዘነችላትና፣ «እትዬ፣ መኸሩ ይግባ እንጂ ትንሿን ስንዱን አመጣልሻለሁ። ጣትሽን ማር ቀብተሽ ታጠቢያታለሽ። ከዚያ ወዲያ የጡት ልጅሽ ናት፤ ማንም አይወስድብሽም» አለቻት። የዚያ አገር ደንብ እንዲህ ነበር፤ ከማር ጣት የጠባ ልጅ ከማሕፀን እንደወጣ ይቆጠራል። ወይዘሮ ይመኙሻል ነጭ ማር ፈልጋ አንድ ቅል ሞላች፤ አፉን በጨርቅ አስራ ከራስጌዋ ሰቀለችው። ከዚያም ትጠብቅ ጀመር።

መጠበቅ ክፉ ነው፣ ልጆች። አንድ ቀን ሲመሻሽ ከግድግዳው ስንጥቅ አንዲት በረሮ ብቅ አለች። ወይዘሮ ይመኙሻል ጫማዋን አነሳች።

«እማዬ፣ አትምቺኝ! ራበኝ» አለች በረሮዋ።

ጫማው ከእጇ ወደቀ። «ማን አልሽኝ?»

«እማዬ።»

ፍርፋሪ ሰጠቻት። በተሰነጠቀ ገንቦ ውስጥ ጨርቅ አንጥፋ አስተኛቻት። በረሮዋም ወለደች፣ ደግማ ወለደች። የተወለዱት ሁሉ «እማዬ፣ እማዬ» እያሉ አደጉ።

መጥረጊያው ከጥግ ሆኖ፣ «እመቤቴ፣ ይፍቀዱልኝና ልጥረጋቸው። ዛሬ እፍኝ አይሞሉም፤ ነገ እኔም አልችላቸውም» አላት።

«እማዬ፣ እሱን እፈራዋለሁ» ብላ በረሮዋ አለቀሰች።

መጥረጊያውን ከአጥር ውጭ ወረወረችው። በረሮዎቹም ገንቦውን ሞሉት።

ዶሮዋ ደግሞ ከደጃፍ ሆና፣ «እመቤቴ፣ ይፍቀዱልኝና ልልቀማቸው። እማዬ የሚልዎት እኮ ሆዳቸው ነው» አለቻት።

«እማዬ፣ እሷን እፈራታለሁ» አለች በረሮዋ።

ዶሮዋን ለጎረቤት ሰጠቻት። በረሮዎቹም ከገንቦው ፈሰው ግድግዳውን ያዙት።

በመጨረሻ ኩራዙ፣ «እመቤቴ፣ እኔ የማባርርበት ጉልበት የለኝም። ላሳይዎት ብቻ፤ እባክዎ ቀና ብለው ይዩ» አላት።

«እማዬ፣ እሱንም እፈራዋለሁ!»

ኩራዙን እፍ አለችው። ከዚያ ወዲያ ራቷን በዳበሳ እየበላች፣ በዳበሳ እያጎረሰች ታመሽ ነበር። ደስ ይላት ነበር፤ ይህን አልክድም። ስንት ደረሱ ብላ ግን አልጠየቀችም። «ማሩን ብቻ እንዳትነኩብኝ፤ የእህታችሁ ነው» ትላቸዋለች። «እሺ፣ እማዬ» ይሏታል።

መኸሩ ገባ። አንጓች ስንዱን አዝላ መጣችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ብርሃኑ ሲገባ ግድግዳው ተንቀሳቀሰ።

«እትዬ! ይህ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል፣ ግቢ። አይናከሱም። በይ ልጄን ስጪኝ!»

ቅሉን አውርዳ እጇን ሰደደች። የታሰረው ጨርቅ ተበልቶ ነበር። በማሩ ፈንታ በረሮ ተንጋግቶ ወጥቶ ክንዷን ወረራት። እሷ ግን ጥርሷን ነክሳ የቅሉን ወለል ጠረገች፤ ጣቷ ጫፍ ላይ ጠብታ የማትሞላ ማር ወጣች። ያቺን ጣት ይዛ ወደ ልጅቷ ቀረበች።

«ጥቢ፣ ልጄ። ትንሽ ናት፣ ግን ትበቃለች።»

ስንዱ ጮኻ ፊቷን በእናቷ ጀርባ ቀበረች።

«እትዬ፣ ይቅር በዪኝ» አለች አንጓች እያለቀሰች። «ቃሌን አልረሳሁም። ልጄን ግን እዚህ ቤት ጥያት አልሄድም።» ልጅቷን ጠበቅ አድርጋ አዝላ ወጣች፤ ዞር ብላም አላየች።

ወይዘሮ ይመኙሻል በሩ ላይ ቆማ ቀረች። «ምነው? የለመንኳችሁ እኮ አንድ ነገር ብቻ ነበር» አለች።

«ራበን» አለች የመጀመሪያዋ በረሮ። «ራበን ስንልሽ መቼ ከልክለሽን ታውቂያለሽ?»

የወይዘሮ ይመኙሻል ጣት እንደተዘረጋ ነበር። በረሮዋ በቀሚሷ፣ በክንዷ ወጥታ ጣቷ ጫፍ ደረሰችና ያቺን የተረፈች ማር ጥርግ አድርጋ ላሰች።

«ይጣፍጣል፣ እማዬ» አለቻት።

ወይዘሮ ይመኙሻልም አላራገፈቻትም።

እንግዲህ ልጆች፣ በረሮዎቹን አትርገሙ፤ በረሮ መሆናቸውን ከማንም አልደበቁም። «እማዬ» ብሎ ለጠራት ሁሉ ቤቷን የከፈተች ሴት፣ ለምትወዳት ያስቀመጠችውን ማን እንዲጠብቅላት ፈለገች? እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ እናንተም ሂዱና ቤታችሁን በብርሃን እዩት።