የወንዝ ዳሩ ድንጋይ

የወረዳችን አስተዳዳሪ አቶ መኳንንት ለወረዳው የጎደለው እንግሊዝኛ ብቻ ነው ብለው፣ በየእሑዱ ጎልማሶችን ራሳቸው ያስተምሩ ነበር። አንድ እሑድ ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ፣ ወንዝ ማዶ የምትኖር ድንች ሻጭ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ ገባች።

አስተዳዳሪው ሰሌዳውን እየመቱ ያስረዳሉ።

«በእንግሊዝኛ መጀመሪያ ባለቤቱ ይመጣል፤ ወዲያው ግሱ፣ ማለት ሥራው፤ ከዚያ የሚሠራው ነገር። አማርኛ ግን ባለቤቱን ይጠራል፣ ነገሩን ያወራል፣ ሥራውን መጨረሻ ላይ ያመጣዋል። ሰው ሲጠብቅ ይውላል።»

ከዚያ ወደ ዘገየችው ሴት ዞሩ።

«አንቺ፣ ይሄ የእንግሊዝኛ አሰላለፍ ምን ይጠቅምሻል? ካላወቅሽ ወንበሩን ለሚማር ሰው ልቀቂና ሄደሽ ድንችሽን ሽጪ።»

ሴትዮዋ የቀሚሷን ጫፍ ጨመቅ አደረገች።

«ይጠቅመኛል እንጂ ጌታዬ። ወንዙ ዳር ያስቀመጡት የመሠረት ድንጋይ የተጻፈው በአማርኛ ነው። ስምዎ ከላይ አለ፣ ድልድዩም ከሥር ተጠርቷል፤ ሥራውን ግን ይኸው አራት ክረምት እየጠበቅን ነው። እባክዎ፣ ድንጋዩን በእንግሊዝኛ ያስጽፉልን።»